ሆድ ይፍጀው እና ፊቱ የገረጣው ፈላስፋ

ጥያቄው የመጣው ከዚሁ ከጎንደር ነው። ጠያቂዋ የ31 ዓመት ሴት ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«አባቴ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። ለቅሶው ላይ አላለቀስኩም። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ያህል ስለ ስቶይሲዝም ቪዲዮ ስከታተል ነበር። 'ከቁጥጥርሽ ውጪ በሆነ ነገር አትረበሺ' የሚለውን መመሪያዬ አድርጌው ነበር። ዘመድ ጎረቤቱ 'አንጀቷ ድንጋይ ነው' አለኝ። ከሦስት ወር በፊት ደግሞ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ የምሠራበት ሆቴል ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ አሰናበተኝ። የሁለት ወር ደመወዜንም አልሰጠኝም። እሱንም 'በእጄ አይደለም' ብዬ ተውኩት። አሁን ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና በዚያው ይነጋል። ትንሽ ነገር ያስቆጣኛል። እናቴ ደግሞ ይሄ ነገር ከሃይማኖታችን ጋር አይሄድም ትላለች። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት? ወይስ ፍልስፍናው ራሱ አይሠራም?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዜር ያጥናሽ። ስምንት ወር ዘግይቻለሁ፣ ግን ለቅሶ መድረስ ቀን አያልፍበትም።

እኔ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ሐዘን፣ ሥራ ማጣት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የየቀኑ ሥራዬ ይሄው ነው። የድሮዎቹን ስቶይኮች፣ ስቶይሲዝምን ያስተማሩትን የግሪክና የሮማ ፈላስፎች፣ ደግሞ ለራሴ ነው የማነባቸው፣ ማንም ሳያዘኝ። ስለዚህ ጥያቄሽን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አጭሩን መልስ ቀድሜ ልስጥሽ። ስትለማመጂው የነበረው ስቶይሲዝም ሳይሆን ሆድ ይፍጀው ነው።

ቃሉን እስቲ ልብ ብለሽ ስሚው። ሆድ ይፍጀው። ያቃጥለው፣ ይጨርሰው ማለት እኮ ነው። እሳት መኖሩን ቃሉ ራሱ አልካደም፤ ጢሱ እንዳይታይ ብቻ ነው የሚጥረው። ደግሞ አያቶቻችን ይህን ሲሉ ጀብዱ እያወሩ አልነበረም። የሚነግሩት ሰው ያጣ ሰው የሚለው ነገር ነው። አንቺ ግን ድንኳን ተጥሎልሽ፣ ንፍሮ ተቀቅሎልሽ፣ ዘመድ ከሩቅ መጥቶልሽ ነው ሆድ ይፍጀው ያልሽው። ጥፋቱን ሁሉ ባንቺ አላደርገውም። እነዚያ አጫጭር ቪዲዮዎች ይታወቁኛል። የእብነ በረድ ጭንቅላት፣ ከጀርባው ዝናብ፣ የሚያስገመግም ድምፅ፣ «ምንም አይንካህ» የሚል ጽሑፍ። ለአንድ ደቂቃ ሞቅ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ድንጋይ ሁኚ ብለው ጥለውሽ ይሄዳሉ። ድንጋይ መሆን ከሆነማ ፋሲል ግቢ ሂጂና እዪ። ከ350 ዓመት በላይ ዝም ብሎ ቆሟል፣ ታገሠ ብሎ ያመሰገነው ሰው ግን አላየሁም።

ስለ ትምህርቱ አመጣጥ ብዙ አላደክምሽም። ጀማሪው ዜኖን የቆጵሮስ ነጋዴ ነበር። ወይን ጠጅ የሚመስለውን ውድ ቀለም በመርከብ ሲያመላልስ መርከቡ ተሰብሮ ንብረቱ ባሕር ገባ ይባላል። ባዶ እጁን አቴና ቀረ፣ እዚያ ፍልስፍና ያዘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት አካባቢ «ስቶአ» በሚባል ሥዕል ባለበት በረንዳ ሥር ማስተማር ጀመረ። ስማቸው የመጣው ከዚያ በረንዳ ነው። በእኛ አባባል የበረንዳ ልጆች ብንላቸው ብዙም አልተሳሳትንም። ልብ በይ፣ ትምህርቱ የተጀመረው ሁሉ በሞላለት ሰው አይደለም፣ ከኪሳራ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ኤፒክቴተስ ደግሞ ባሪያ ነበር፤ ስሙ ራሱ «የተገኘ ንብረት» እንደማለት ነው። እግሩም ያነክስ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሮማዊው ጸሐፊ አውሉስ ጌሊየስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አንድ ገጠመኝ አለ። እኔ ከመቶ ቪዲዮ እሱን እመርጣለሁ።

ጌሊየስ ከግሪክ ወደ ጣሊያን በመርከብ እየሄደ ነው። ማዕበል ተነሳ። ሌሊቱን ሙሉ መርከቧ ውሃ እየገባባት ሰው ሁሉ ይጮኻል፣ ይሳላል፣ ይለምናል። ከተሳፋሪዎቹ መሀል አንድ ስመ ጥር የስቶይክ መምህር ነበርና ጌሊየስ ዓይኑን ጣለበት። እስቲ ይሄ ሰው ምን ይሆን ብሎ ማለት ነው። እንግዲህ በቪዲዮው ቢሆን ሰውዬው እጁን አጣጥፎ ፈገግ ይል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። መምህሩ ፊቱ ገርጥቷል፣ ነጭ ሆኗል። እንደ ሌሎቹ አይጮኽም እንጂ ገጽታው ከእነሱ ብዙም አይለይም። ማዕበሉ ጋብ ሲል አንድ ሀብታም ተጠግቶ ቀለደበት፤ «እኔ ሳልፈራ አንተ ፈላስፋው ፈራህሳ?» ዓይነት ነገር። መምህሩም ለቀልዱ የሚመጥን መልስ ሰጥቶ አሰናበተው።

ጌሊየስ ግን ቆይቶ ብቻውን ሲያገኘው በትሕትና ጠየቀው። መምህሩ ከቦርሳው የኤፒክቴተስን ትምህርት የያዘ መጽሐፍ አወጣና አሳየው። ነገሩ ይህን ይመስላል። የሚያስፈራ ድምፅ ስትሰሚ፣ መርዶ ሲመጣብሽ፣ ነፍስሽ ትደነግጣለች፣ ፊትሽ ይገረጣል። ይሄ ከሐሳብሽ ቀድሞ የሚደርስ ነገር ነው፣ ፈቃድሽን አይጠይቅም። ጠቢቡም ያልተማረውም እዚህ ጋ እኩል ናቸው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ያልተማረው ሰው ያ የመጀመሪያ ድንጋጤ የነገረውን ሁሉ «አዎ፣ እውነት ነው» ብሎ ይቀበላል። ጠቢቡ ግን ይገረጣል፣ ይደነግጣል፣ ማረጋገጫውን ግን አይሰጥም።

በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ላስረዳሽ። ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ንዴት እንደ ገቢ ደብዳቤ ናቸው። መዝገብ ቤት በሩ ክፍት ነው፣ ደብዳቤው ይገባል፣ አትከለክዪውም። ደብዳቤው ውስጥ ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «አባቴ ሞተ» ይላል፤ ይሄ እውነት ነው፣ ያማል። ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል «ከእንግዲህ ማንም የለኝም፣ ሕይወቴ አለቀ» ይላል። ማኅተሙ ያንቺ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። የመጀመሪያውን መስመር አንብበሽ አልቅሺ። ሁለተኛው ላይ ሳታጣሪ ማኅተም አትምቺ። ስቶይሲዝም ያቺ ማኅተም ናት። አንቺ ያደረግሽው ግን መዝገብ ቤቱን መዝጋት ነው። ደብዳቤዎቹ ታዲያ የት ሄዱ? በሩ ሥር ተከምረው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀሰቅሱሻል።

ይህን የፈላስፎች ጨዋታ ብቻ አድርገሽ እንዳታዪው። ኤፒክቴተስ ሰውን የሚረብሸው ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ የሚሰጠው ፍርድ ነው ብሎ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አልበርት ኤሊስና አሮን ቤክ ዛሬ እኛ የምንጠቀምበትን ሐሳብን መርምሮ የማስተካከል ሕክምና ሲጀምሩ የተነሱት ከዚህ ብዙም ከማይርቅ ቦታ ነው። ኤሊስማ ከኤፒክቴተስ እንደተማረ በግልጽ ይናገር ነበር።

ስለ ለቅሶው ላምጣው።

ሴኔካ የሚባለውን ሳትሰሚ አትቀሪም። ባለጸጋ፣ የንጉሥ አስተማሪ፣ ኮርሲካ ደሴት ላይ ስምንት ዓመት በግዞት የኖረ ሰው ነው። ጓደኛ የሞተበትን ወዳጁን ሊያጽናና በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ዓይንህ ደረቅ አይሁን፣ ጎርፍም አይሁን፣ እናልቅስ፣ ዋይታ ግን አናብዛ ይለዋል። እስከዚህ ድረስ ምክር ነው። እኔን የሚነካኝ ቀጥሎ የሚለው ነው። ይህን የምጽፍልህ እኔ ራሴ ወዳጄ ሴሬነስ ሲሞት ከልክ በላይ አልቅሼ ሐዘን ካሸነፋቸው ሰዎች ተራ ገብቻለሁ ብሎ ይናዘዛል። ለምን እንደሆነም ይናገራል። ሴሬነስ በዕድሜ ከእሱ ያንስ ነበር፣ ይቀድመኛል ብሎ አስቦት አያውቅም። አየሽ፣ ትልቁ ስቶይክ በአደባባይ «አልቻልኩም ነበር» አለ። አንቺ ግን ከሱ በላይ ስቶይክ ልትሆኚ ፈለግሽ።

ሌላም ልጨምርልሽ። ስቶይኩ የሮማ ንጉሥ ማርከስ ኦሬሊየስ ገና ወጣት ሳለ ካሳደጉት መምህራን አንዱ ሞተበትና አለቀሰ። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ሊያባብሉት፣ ሊያስተዉት ሲሞክሩ አሳዳጊ አባቱ ንጉሡ አንቶኒነስ ተዉት፣ ሰው ይሁን፣ ፍልስፍናም ዙፋንም ስሜትን አያስቀርም አላቸው ይባላል። ያ ልጅ በኋላ ንጉሥ ሆኖ ከአሥር በላይ ልጆች ወልዶ አብዛኞቹን ቀበረ። በዘመኑ ወረርሽኝ ነበር፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር ጦርነት ነበር። የምናነብለትን የግል ማስታወሻ የጻፈው በዚያ ሁሉ መሀል ነው።

እና እኛ ጋ ሰው ሲሞት ምን እንባባላለን? «እግዜር ያጥናሽ።» ያጽናሽ፣ ጽናት ይስጥሽ ማለት ነው። ማንም «እግዜር ያደንዝዝሽ» አይልም። ይህን የሚልሽ ሰው ደግሞ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ ነው የሚልሽ። ጽናትና እንባ አንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ ማለት ነው። ስለ ስቶይኮች አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ሁሉን ነገር ለብቻው የሚታገል ሰው ላይ ይጭናሉ። የእኛ ሰው ግን ሥርዓት አበጅቶለታል። እድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን ያመጣል፣ ጎረቤት እንጀራውን ይሸከማል፣ ሙሾ አውራጇ ያንቺ አፍ ሊያወጣው ያቃተውን በግጥም ታወጣልሻለች፣ ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘኑ ቀን ተቆርጦለታል። ይጀምራል፣ ይጋጋማል፣ ይበርዳል። አንቺ ይህን ሁሉ እንደ ተመልካች ቁጭ ብለሽ አሳለፍሽው።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት መሥሪያ ቤት በአንድ ገጽ ደብዳቤ አሰናበተኝ። ምክንያቱ ዛሬም አልገባኝም። ያኔ ኤፒክቴተስን በደንብ አንብቤ ነበርና ለጠየቀኝ ሁሉ «ምንም አይደል፣ ሥራ እኮ ነው» እል ነበር። ለሚስቴም ለእናቴም። ሰው ሁሉ «አቤት የሱ ነገር» አለ፣ እኔም ደስ አለኝ። ሁለት ወር ቆይቶ አንድ ቀን ከፒያሳ ወደ ማራኪ በባጃጅ ስሄድ ልጁ አምስት ብር ጨምር አለኝ። ያ ሁለት ወር ሙሉ ያልወጣ ነገር እዚያች ባጃጅ ውስጥ ወጣ። ጮኽኩ ብቻ አይደለም፣ ወርጄ ጎማውን በእግሬ መታሁ። ልጁ ደንግጦ «ጋሼ፣ ይቅር በቃ፣ አምስት ብር ነው እኮ» አለኝ። አብራኝ ተሳፍራ የነበረች አንዲት እናት በሐዘኔታ ነው ያየችኝ። እስከዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ። ስለዚህ «ትንሽ ነገር ያስቆጣኛል» ስትዪ አልገረመኝም። አምስት ብሯ ምን አጠፋች።

አሁን ደመወዝሽ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆጣሽ ነው።

አማርኛችን «ቻለ» ሲል ሁለት ነገር ማለቱ ነው። አንደኛው አቅም አለው፣ ይሠራዋል፣ መኪና መንዳት ይችላል እንደምንለው። ሁለተኛው ታገሠ፣ ተሸከመ፣ «ስንቱን ችላ ኖረች» እንደምንለው። አንድ ቃል ነው። ችግሩ፣ በተለይ ለሴት ልጅ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ብቻ ነው የምናስተምራት። ባሏ ቢመታት ቻይው፣ አለቃዋ ቢሰድባት ቻይው። ከዚያ ቪዲዮው መጣና ያንኑ የድሮ «ቻይው» የሮማ ልብስ አለበሰልሽ። ኤፒክቴተስ ራሱ ሁለት ቃል በልቡ የያዘ ሰው ከብዙ ጥፋት ይድናል ይል ነበር፤ «ቻል» እና «ታቀብ»። የእሱ ቻል ግን አፍህን ዝጋ ማለት አይደለም። ስቶይኮች አራት በጎ ምግባር ይቆጥራሉ፣ ጥበብ፣ ጀግንነት፣ ራስን መግዛት፣ አራተኛው ፍትሕ ነው። ቪዲዮዎቹ ፍትሕን የት እንደጣሏት እንጃ።

ኤፒክቴተስ ለተማሪዎቹ የሚነግራቸውን አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ሄልቪዲየስ የሚባል የሮማ ሴናተር ነበር። ንጉሡ ቬስፓሲያን ምክር ቤት እንዳትመጣ ብሎ ላከበት። ሴናተር እንዳልሆን ማድረግ ትችላለህ፣ ሴናተር እስከሆንኩ ድረስ ግን መምጣት አለብኝ አለው። እሺ ና፣ ግን ዝም በል አለ ንጉሡ። አትጠይቀኝና ዝም እላለሁ። ልጠይቅህ ግድ ነው። እኔም የመሰለኝን መናገር ግድ ነው። ከተናገርክ እገድልሃለሁ። አልሞትም ብዬህ መቼ አውቃለሁ? አንተ የራስህን ታደርጋለህ፣ እኔ የራሴን፤ ያንተ መግደል ነው፣ የኔ ሳልንቀጠቀጥ መሞት። በኋላም ተገደለ። ሰውዬው ረጋ ያለ ነው፣ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ዝም ግን አላለም።

ያንቺ ነገር ነፍስ የሚያስከፍል አይደለም፣ ማመልከቻ ነው። «በእጄ አይደለም» ያልሽው ነገር ሁለት ቁራጭ አለው፣ ደባልቀሽዋል። ሆቴሉ መክፈሉና አለመክፈሉ በእጅሽ አይደለም። መጠየቁ ግን ሙሉ በሙሉ ያንቺ ነው። የደንቢያን ገበሬ አስቢው። ዝናቡን አያዝም። ስለዚህ ብሎ ግን ሞፈሩን ሰቅሎ አይተኛም፤ ያርሳል፣ ያለሰልሳል፣ ይዘራል፣ ከዚያ «እግዜር ያውቃል» ይላል። ይህን ቃል ከማረሱ በፊት የሚለው ሰነፍ ነው። የጥንቶቹም ስለ ቀስተኛ ተመሳሳይ ነገር ይላሉ። ማነጣጠሩ፣ መወጠሩ፣ መልቀቁ ያንተ ነው፣ ከተለቀቀ በኋላ ነፋስ ሊወስደው ይችላል። አንቺ ቀስቱን ከሰገባው አላወጣሽውም።

በዚህ ሳምንት ሁለት ወር ያልተከፈለሽን ቀንና መጠን ጠቅሰሽ ለሆቴሉ በጽሑፍ ጠይቂ። እምቢ ካሉ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሂጂ። ያልተከፈለ ደመወዝ የመጠየቅ መብት በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ይርጋ አለው፣ ማለትም ካለፈ መብቱ የሚቀርበት የጊዜ ገደብ፣ ይርጋውም በወራት የሚቆጠር ነው። ሦስቱ ወር ሄዷል። ስለዚህ ፍልስፍናውን ትተሽ መጀመሪያ ይህን አድርጊ፣ እውነቴን ነው።

እናትሽ ስለ ሃይማኖት ያሉትን ደግሞ አልናቅኩትም። በከፊል ልክ ናቸው። ለስቶይኮች አምላክ ማለት ዓለሙን ውስጥ ለውስጥ የሚያስተዳድር አእምሮ ነው፣ ከተፈጥሮ የተለየ አይደለም፤ ትንሣኤ የሚባል ነገርም የላቸውም። ይህ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር አይገጥምም፣ ማስማማትም አያስፈልግም። ግን ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17ን አብረሽ አንብቢላቸው። ጳውሎስ አቴና ላይ ያነጋገራቸው «ኢስጦኢኮች» የተባሉት እነዚሁ ናቸው። ከጥቂት ቁጥር በኋላ «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና» የሚለውን የግሪክ ባለቅኔ ቃል ጠቅሶላቸዋል። ያ ግጥም የአራጦስ ነው፣ ሰውዬውም ለስቶይኮች ቅርብ ነበር። ጳውሎስ የሚጠቅመውን ጠቅሶ ከማይስማማበት ከተለያየ፣ አንቺም ትችያለሽ።

ደግሞ እናትሽ አንድ ቀን ሳይሉሽ አይቀሩም፣ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ»። ኢዮብ እኮ ልጆቹ መሞታቸውን ሲሰማ ልብሱን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ፣ ከዚያ ነው መሬት ላይ ወድቆ የሰገደው። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ ነው፣ አብዛኛውም የኢዮብ እሮሮና ክርክር ነው። የትዕግሥት አባት የምንለው ሰው ያን ያህል ነው የጮኸው። ክርስቶስም በአልዓዛር መቃብር እንባውን አፍስሷል፣ ያውም ሊያስነሳው እያወቀ።

እሺ፣ አሁን ምን ላድርግ ትያለሽ።

መጀመሪያ እንቅልፉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትነቂ አልጋ ላይ ተገላብጠሽ ከሐሳብ ጋር አትታገዪ። ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ ተነሽ፣ ሌላ ክፍል ወይ ወንበር ላይ ቁጭ በይ፣ ደብዘዝ ባለ መብራት ውዳሴ ማርያምም ሆነ ሌላ የሚያረጋጋሽን ነገር አንብቢ፣ ዓይንሽ ሲከብድ ተመለሺ። ስልክ አትንኪ። ጠዋት የተነሳሽበት ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ይሁን፣ ሌሊቱን ባትተኚም። ቡና ከምሳ በኋላ ይቁም። የጎንደር ሰው ለሆነ ይሄ ከባድ ትእዛዝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጎረቤት ሲጠራሽ ሂጂ፣ ፈንዲሻውን ብይ፣ ስኒውን እለፊው።

ማታ ማታ ደግሞ ሴኔካ የሚያደርገውን ሞክሪ። መብራቱ ከተነሳና ልማዱን የምታውቀው ሚስቱ ዝም ካለች በኋላ ቀኑን ከጠዋት ጀምሮ ይመረምረው ነበር። ምን አጠፋሁ፣ የት ላይ ተሻልኩ እያለ። (እኛ ጋ መብራቱ ራሱ ስለሚሄድ ሰዓቱን መምረጥ አያስፈልግሽም።) ከዚህ ሁሉ የምወድለት ፍርዱን ነው። ራሱን አይገርፍም። ዳግመኛ እንዳታደርገው፣ ለዛሬ ምሬሃለሁ ይለዋል ራሱን። ጥያቄሽን ሳነበው ራስሽን የምትምሪ ዓይነት አልመሰልሽኝም። ከእሱ ጀምሪ። አጭር ይሁን፣ አምስት ደቂቃ፣ ከመኝታ ውጪ፣ ቢቻል በጽሑፍ።

አንድ ነገር ግን ለጊዜው ተዪው። መጥፎውን አስቀድሞ የማሰብ ልምምድ ስቶይኮች አላቸው። ኤፒክቴተስ ልጅህን ስትስም የምስመው ሟች ነው በል ይላል። ይህን ለአንዲት የአዘዞ እናት ብትነግሪያት «በስመ አብ! አታሟርች!» ብላ ከቤት ታስወጣሻለች፣ እኔም እሷን ነው የምደግፈው። (ያው ኤፒክቴተስ ግን በእርጅናው ሊጣል የነበረ የወዳጁን ልጅ ወስዶ አሳድጓል ይባላል። ሰው ከአባባሉ የተሻለ ሊሆን ይችላል።) ልምምዱ ለተረጋጋ ሰው፣ በቀን፣ በጥቂቱ ሲሆን ይጠቅማል። እንቅልፍ ላጣ፣ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ግን ጭንቀትን መቀለብ ነው የሚሆነው። ተዪው።

ከእሱ ይልቅ በጠዋት ተነሽና ወደ ቁስቋም በእግርሽ ውጪ። ለሰውነትሽም ጥሩ ነው። እዚያ ቤተ መንግሥቷን የሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ባሏን፣ ልጇን፣ የልጅ ልጇን ሞት አይታ ከሁሉም በኋላ ነው የሞተችው። ስቶይክ ነበረች እያልኩሽ አይደለም፣ ስለዚያም አንብባ አታውቅ ይሆናል። እኔ እዚያ ፍርስራሽ ላይ ስቀመጥ ሐዘኔ ትንሽ ሰው ያገኘ ይመስለኛል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ካልተሻለሽ፣ ወይም ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ወይም «ባልነጋ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ሳምንቱንም አትጠብቂ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ሂጂ። ሐዘን ከስድስት ወር አልፎ ሰውን ከሥራውና ከኑሮው ካስቀረው የዓለም ጤና ድርጅት የሕክምና መመሪያ ራሱን የቻለ ስም ሰጥቶታል፣ የሚረዳ ሕክምናም አለው። ማርከስ ኦሬሊየስም የግል ሐኪም ነበረው፣ ጋሌን የሚባል፣ በዘመኑ አንደኛ።

ለአባትሽ ሙት ዓመት አራት ወር ቀርቷል። ለቅሶው አመለጠኝ ብለሽ ከሆነ የሚያሳስብሽ፣ አላመለጠሽም። የዚያን ቀን ወጥ ቤት ገብተሽ ሥራ በመሥራት አትሸሸጊ። ከሴቶቹ መሀል ቁጭ በይ። ከአክስቶችሽ አንዷ ስለ አባትሽ አንስታ ስታለቅስ ፊትሽን አትያዥው። እንባው ባይመጣም አታስገድጂው፣ ስለሳቸው የምታስታውሺውን አንድ ነገር አውሪ፣ ምን ይበሉ እንደነበር፣ በምን ይቆጡ እንደነበር። ለኔም ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፣ ከጥያቄሽ ላይ ስለ እሳቸው አንድም ነገር አላገኘሁም እኮ።

የሆቴሉን ደብዳቤ ስትሰጪ ግን ኮፒው ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው እንዲፈርሙልሽ አድርጊና እሱን ቤትሽ አስቀምጪው።